የማን አዳራሽ ነው የሚያስተጋባው?

ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ የሚከፈት መዝሙር ብዙ ጊዜ ጎጃም ውስጥ በሌለ ቤተ ክርስቲያን የተዘመረ ይመስላል። ዘማሪው ትንፋሹን ከሰበሰበ በኋላ እንኳ ድምፁ አራት አምስት ሴኮንድ ይንሳፈፋል። የሚሰማው ጣሪያው ሰማይ የነካ፣ ግድግዳው ጥርብ ድንጋይ የሆነ የአውሮፓ ካቴድራል ነው። እነዚህ ከተሞች ባሉበት በአዊ የኖረው አጥቢያ ግን ክብ ነው፤ ግድግዳው እንጨትና ጭቃ፣ ጣሪያው ድሮ ሣር፣ አሁን በአብዛኛው ቆርቆሮ። እዚያ ውስጥ ድምፅ እንዲህ አይንሳፈፍም።

ጥፋቱን በዘማሪው ወይም በቀጂው ላይ ማላከክ አይገባም። የተቀዳ ድምፃችን ከመጀመሪያው ጀምሮ የራሱ ክፍል ኖሮት አያውቅም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) አዝማሪው ተሰማ እሸቴ በ1908 ወደ ጀርመን ሄዶ ድምፁን በሸክላ ሲያስቀርጽ ማይክሮፎን ገና ለሙዚቃ ቀረጻ አልደረሰም ነበር። ዘፋኙ በትልቅ ቀንድ ውስጥ ይጮሃል፤ የድምፁ ግፊት መርፌውን ያንቀሳቅሳል። በዚህ መንገድ የሚቀረጸው የቅርብ ድምፅ ብቻ ስለሆነ ከሸክላው የሚወጣው ድምፅ ደረቅ ነው፤ በርሊን ይሁን ምንጃር አይለይም።

ማይክሮፎን ሲመጣ ደረቅነቱን ማራስ ራሱን የቻለ ሙያ ሆነ። ቢል ፑትናም የተባለው አሜሪካዊ ባለሙያ በ1947 የስቱዲዮውን መታጠቢያ ቤት የማስተጋቢያ ክፍል አድርጎ ተጠቀመበት፤ ድምፁን በስፒከር ወደዚያ ይልካል፣ የተስተጋባውን በማይክሮፎን ይመልሳል። በ1957 የጀርመኑ ኢ.ኤም.ቲ. በክፍል ፋንታ በፍሬም የተወጠረ የብረት ዝርግ ሸጠ። ማሽኑ ከሩብ ቶን በላይ ይመዝን ነበር። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ማንፍሬድ ሽሮደር ማስተጋባትን (ሪቨርብን) በሒሳብ ብቻ የሚፈጥር ዘዴ አሳየ። አምሃ እሸቴ በ1969 አምሃ ሪከርድስን አዲስ አበባ ላይ ሲጀምር ሪቨርብ እንደ አምፕሊፋየር ከገበያ የሚገዛ ዕቃ ሆኖ ነበር። ከዚያ ዲጂታል ሣጥኖች መጡ፤ «ሆል»፣ «ካቴድራል» የሚሉ ዝግጁ ምርጫዎች ይዘው። ዛሬ በየመድረኩ «ኤኮ ጨምርበት» ሲባል የሚጨመረው ያ ነው፤ የትኛው ካቴድራል እንደሆነ የሚጠይቅ የለም።

ሌላው መንገድ ክፍል መፍጠሩን ትቶ ያለውን ክፍል መለካት ነው። ዋላስ ሳቢን በ1895 ሃርቫርድ ውስጥ ንግግር የማይሰማበት አዳራሽ እንዲያስተካክል ታዘዘ። ባዶው አዳራሽ ድምፅን ወደ 5.5 ሴኮንድ ያህል ይይዝ ነበር። ሳቢን ሌሊት ሌሊት ከአጎራባች ቴአትር ቤት የወንበር ትራሶች እያስመጣ፣ ትራሱ በጨመረ ቁጥር ድምፁ ስንት ሴኮንድ እንደሚቀንስ በጆሮውና በሰዓት ለካ። ትራስ ድምፅ ይውጣል፤ ሰውም ይውጣል። ጋቢና ነጠላ የለበሰ ምእመን የሞላበት ቤተ ክርስቲያን በበዓል ቀን ከባዶው ይልቅ ደረቅ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ኮንቮሉሽን ሪቨርብ የሳቢን ልጅ ነው። ክፍሉ ውስጥ አንድ አጭር ድምፅ ይፈነዳና ክፍሉ የመለሰው ሁሉ ይቀዳል፤ ያ ቅጂ ኢምፐልስ ሪስፖንስ ይባላል። የዘፈኑ እያንዳንዱ የድምፅ ናሙና ያንን ቅጂ በራሱ መጠን ያስነሳል፤ የተነሱት ሁሉ ይደመራሉ። ሐሳቡ ቀላል ነው፣ ስሌቱ ግን ከባድ። የ3 ሴኮንድ ቅጂ በ48 ኪሎኸርዝ 144,000 ናሙና አለው፤ ለአንድ ሴኮንድ ዘፈን ወደ 7 ቢሊዮን ማባዛት ማለት ነው። ኩሊና ተኪ በ1965 ያሳወቁት ፈጣን የፉሪየር ስሌት ሸክሙን አቀለለው። ዊልያም ጋርድነር በ1995 ቅጂውን በትናንሽና በትላልቅ ክፍሎች እየቆራረጡ ያለ መዘግየት ማስላት እንደሚቻል ጻፈ። ሶኒ በ1999 ይህንን የሚሠራ ማሽን ሸጠ፤ የገዛው ግን ትልልቅ ስቱዲዮ ብቻ ነበር።

ለእኛ ቢጤ ነገሩን የለወጠው ነፃው የኮምፒውተር ሥርዓት ሊነክስ ነው። ፎንስ አድሪያንሰን ክፍል የሚለካበትን አሊኪን፣ የሚያስተጋባበትን ጄኮንቮልቨርን ጽፎ በነፃ ለቀቀ። በዚሁ የኮንቮሉሽን ዘዴ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኢስታንቡል ባለችው ሐጊያ ሶፊያ ውስጥ ፊኛ አፈንድተው የቀዱትን ተጠቅመው የቢዛንታይን ዜማ እዚያው እንደተዜመ አድርገው አሰሙ። ካፔላ ሮማና የተባለው ዘማሪ ቡድን በ2019 በአልበም አወጣው። ድምፁ እዚያ 11 ሴኮንድ ገደማ ይቆያል።

አሁን አሮጌ ላፕቶፕ ይበቃል። አርዶር በተባለው የቀረጻ ፕሮግራም ላይ አንድ ባስ (የጋራ የድምፅ መስመር) ይከፈታል፤ የኤልኤስፒ ኢምፐልስ ሪቨርብ የተባለው ተቀጥላ ይጫንበታል፤ የክፍሉ ቅጂ ይገባበታል። እዚያ ባስ ላይ ደረቁ ድምፅ ዜሮ፣ የተስተጋባው ሙሉ ይሆናል፤ ከዘማሪው ትራክ የሚላከው መጠን ብቻ ነው ልኩን የሚወስነው። ከ200 ኸርዝ በታች ያለውን መቁረጥ ከበሮው እንዳይደፈርስ ይረዳል። ከኮምፒውተሩ የሚወጣውን ድምፅ ሁሉ በአንድ ክፍል ማሳለፍ የፈለገ በሊነክሱ የድምፅ አስተላላፊ በፓይፕዋየር ማዋቀሪያ ማኅደር ውስጥ የኮንቮልቨር ፋይል ይጽፋል። ቅጂውና ሲስተሙ በአንድ የናሙና ፍጥነት ቢሠሩ ይሻላል፤ 44.1 እና 48 ኪሎኸርዝ ያለ ለውጥ ከተቀላቀሉ የክፍሉ መጠን ይዛባል።

ችግሩ የክፍሉ ቅጂ ነው። በየማከማቻው የአውሮፓ ቤተ ክርስቲያንና የኮንሰርት አዳራሽ ሞልቷል። ክብ የጎጃም ቤተ ክርስቲያን ግን በቅርጹ ለብቻው ነው። መቅደሱ መሃል ላይ ቆሟል፤ ቅድስት ይከበዋል፤ ቅኔ ማኅሌት በዳር ይዞራል። ከመቅደሱ በስተጀርባ የቆመ ሰው ማኅሌታዊውን በቀጥታ አይሰማም፤ የሚደርሰው ዙሪያውን ግድግዳ ይዞ የዞረ ድምፅ ነው። ጸናጽሉ ሹል ሆኖ ይመጣል፣ ከበሮው ተድበስብሶ። ይህንን የትኛውም «ካቴድራል» አይሰጥም።

መለካቱ ከባድ አይደለም። የደብሩን አስተዳዳሪ ማስፈቀድ፣ ቅዳሴ ያበቃበትን ሰዓት መምረጥ፣ ዝናብ የሌለበትን ቀን መጠበቅ፤ በቆርቆሮ ሥር ዝናብ ከመጣ ምንም አይቀዳም። መቅደስ ካህናቱ ብቻ የሚገቡበት ስለሆነ መቅጃው ቅኔ ማኅሌትና ቅድስት ላይ ይቀራል። መብራት ካለ በስፒከር ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ ቀስ እያለ የሚወጣ ድምፅ ማጫወት ይመረጣል፤ አንጄሎ ፋሪና በ2000 ያቀረበው ይህ ዘዴ የውጭ ጫጫታንና የስፒከሩን መዛባት ከክፍሉ ድምፅ ይለያል። መብራት ከሌለ ፊኛም ይሠራል። የእንጅባራ የቀርከሃ ቤትና የዘንገና ሐይቅ ገደል አፋፍም እንዲሁ ሊለኩ ይችላሉ። ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ የቆየው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ጥር 23 የሚያከብረው በዓል ግን ሜዳ ላይ ነው፤ በፈረስ ኮቴ ላይ ሪቨርብ የሚጭን አቀናባሪ ያላየውን በዓል ነው የሚያቀናብረው።

ሣር ክዳኑ ወደ ቆርቆሮ፣ ጭቃው ወደ ብሎኬት እየተለወጠ ነው። ምእመኑ የተሻለ ቤት ይገባዋልና ይህ አያስቆጭም፤ የአሮጌው ቤት ድምፅ ግን ጣሪያው ሲወርድ አብሮ ይሄዳል። የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ቀጂዎች፦ ሊታደስ ቀን የተቆረጠለት አጥቢያ ካወቃችሁ ከዚያ ቀን በፊት አንድ ረፋድ ስጡት። በ48 ኪሎኸርዝ ቅዱ፤ ቀኑን፣ የጣሪያውን ዓይነት፣ መቅጃው የቆመበትን ቦታና ውስጥ የነበረውን ሰው ብዛት ጻፉበት፤ ከዚያም ለደብሩ አንድ ቅጂ ትታችሁ ውጡ።