ከመቅደላ የሄደው መዝገብ እንዴት ተመለሰ?

የአንድ ማኅበር የአባላት መዝገብ ከኮምፒዩተር ላይ በስህተት ቢደመሰስ መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ ሌላ ቅጂ የት አለ የሚል ነው። ይኸው ጥያቄ ከመካነ ሰላም በስተሰሜን ምሥራቅ በምትገኘው በመቅደላ አምባ ምክንያት ከ150 ዓመታት በፊት ለአንድ ንጉሥ አሳሳቢ ሆኖ እንደነበር ይታወሳል።

ዐፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አድባራት ጭምር ብዙ የብራና መጻሕፍት ሰብስበው መቅደላ ላይ አኑረው ነበር። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አምባው በእንግሊዝ ጦር እጅ ወደቀ፣ ንጉሡም ራሳቸውን ሰዉ። ንብረቱ በዝሆንና በበቅሎ ተጭኖ በሽሎን ተሻግሮ ደላንታ ሜዳ ላይ ለሁለት ቀናት በጨረታ ተሸጠ። ከመጻሕፍቱ ወደ 350 የሚሆኑት ለንደን ወደሚገኘው የብሪታንያ ሙዚየም ገቡ።

እዚህ ላይ መታወቅ ያለበት፣ በዚያ ዘመን ብራና ለጸሎት ብቻ የሚያገለግል አለመሆኑ ነው። ርስትና ጉልት የማን እንደሆነ ከነምስክሮቹ ስም በወንጌሉ ባዶ ገጽ ላይ ይጻፍ ነበር። መጽሐፉ ሲጠፋ የመሬቱም ማስረጃ አብሮ ይጠፋል።

ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1864 ዓ.ም. በነገሡ በጥቂት ወራት ውስጥ ለእንግሊዝ መንግሥት ደብዳቤ ጻፉ። ክብረ ነገሥት ይመለስልኝ ሲሉ ጠየቁ። ብዙ ሰው መጽሐፉን የሚያውቀው በንግሥተ ሳባና በሰሎሞን ታሪክ ነው። ንጉሡ ግን የአገሩ ሕግ፣ የሹማምንቱ፣ የአብያተ ክርስቲያናቱና የአውራጃዎቹ ስም በውስጡ ስላለ ያለ እሱ ሕዝቡ እንደማይታዘዝላቸው አስረዱ። በሙዚየሙ 818 እና 819 የሚል ቁጥር የተሰጣቸው ሁለት የክብረ ነገሥት ብራናዎች ነበሩ። ባለአደራዎቹ ተስማምተው አንዱን በታኅሣሥ 1865 ዓ.ም. መለሱ። ሁለት መሆናቸው ውሳኔውን ሳያቀልለው አልቀረም።

በአማራ ክልል ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በተካሄደው የገጠር መሬት ምዝገባም መዝገቡ በጽሕፈት ቤት፣ የይዞታ ደብተሩ ደግሞ በገበሬው እጅ እንዲሆን ተደርጓል። የጽሕፈት ቤቱ መዝገብ ቢበላሽ በየቤቱ ሣጥን ውስጥ የተቀመጠው ደብተር አለ። ደብተሩን ለአይጥና ለጭስ የተወ ገበሬ ግን ይህን ዋስትና አጣ ማለት ነው።

ዐፄ ዮሐንስ በዚያው ደብዳቤ ኩርዓተ ርእሱ የተባለውን፣ ነገሥታቱ ወደ ዘመቻ ይዘውት ይሄዱ የነበረውን የጌታን ሥዕል ጭምር ጠይቀው ነበር። ይህ አልተገኘም የሚል መልስ ተሰጣቸው። ሥዕሉ ከጦሩ ጋር በሙዚየሙ ተልኮ በነበረው በሪቻርድ ሆልምስ እጅ ነበር። ሆልምስ ለሙዚየሙ ሳያስመዘግብ ለራሱ ስላስቀረው ከየትኛውም ዝርዝር ውስጥ አልነበረም። መኖሩ በይፋ የታወቀው ንጉሡ መተማ ላይ ካረፉ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1917 ለንደን ውስጥ በጨረታ ተሸጠ፣ ኋላም ወደ ፖርቱጋል ተሻገረ። ወደ ኢትዮጵያ አልተመለሰም።