የሳን ሚጌል ደ አዬንዴ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትና ያልተፈጸመው ሥዕል

በሜክሲኮ አገር በጓናኋቶ ግዛት የምትገኘው ሳን ሚጌል የተቈረቈረችው በ1542 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር፤ ከዚህ በታች ያሉትም ዘመናት እንዲሁ ናቸው) ኹዋን ደ ሳን ሚጌል በተባለ የፍራንሲስካውያን መነኵሴ ነው። ከተማዪቱ ብር ወደ ዋናው ከተማ በሚጓዝበት መንገድ ላይ ስለ ነበረች በ18ኛው ምዕተ ዓመት እጅግ በለጸገች። በ1810 ዓ.ም. የነጻነት ጦርነት ሲነሣ ከመሪዎቹ አንዱ ተወላጅዋ ኢግናስዮ አዬንዴ ነበረ፤ በ1826 ዓ.ም. ስሙ ለከተማዪቱ ተጨመረላት። ከዚያ በኋላ ግን ንግዱ ስለ ቀዘቀዘ ሕንፃዎቹ ቀሩ እንጂ ሀብቱ አልቀረም።

ከነዚህ ሕንፃዎች አንዱ በፅንሰታ ለማርያም ስም የታነጸው የሴቶች መነኮሳት ገዳም ነው። የፔሩ ተወላጅ የሆነው ሠዓሊና ጸሐፊ ፌሊፔ ኮሲዮ ዴል ፖማር ይህን ቤት ለሥነ ጥበብ ማስተማሪያ ያውለው ዘንድ ከፕሬዚዳንት ላሳሮ ካርዴናስ ፈቃድ ተቀበለ፤ ትምህርት ቤቱም በ1938 ዓ.ም. ተከፈተ። በ1937 ዓ.ም. ወደ ከተማዪቱ የመጣው አሜሪካዊ ስተርሊንግ ዲኪንሰን በአስተዳደሩ ረዳው።

ትምህርት ቤቱ ስሙ የገነነው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። የአሜሪካ መንግሥት በ1944 ዓ.ም. ባወጣው ሕግ ከጦር ሜዳ ለተመለሱ ወታደሮች የትምህርት ክፍያና የወር መተዳደሪያ ይሰጥ ነበር። በሳን ሚጌል ኑሮ ርካሽ ስለ ነበረ ብዙዎች ወደዚያ ጐረፉ። ትምህርት ቤቱም በዚህ ገንዘብ ደረጀ፤ ነገር ግን ህልውናው በሌላ አገር መንግሥት ዕውቅና ላይ የተንጠለጠለ ሆነ።

በ1948 ዓ.ም. ዝነኛው ሠዓሊ ዳቪድ አልፋሮ ሲኬይሮስ ለማስተማር መጣ። በመነኮሳቱ መመገቢያ አዳራሽ የአዬንዴን ሕይወት የሚያሳይ ሥዕል ከተማሪዎቹ ጋራ ጀመረ። ግድግዳውንና ጣራውን እንደ አንድ ገጽ ቈጥሮ፤ ተመልካቹ እየተራመደ እንዲያየው አድርጎ ሥራውን ነደፈ። ይሁን እንጂ በ1949 ዓ.ም. በሥራው ወጪ ምክንያት ከትምህርት ቤቱ ባለቤት ከአልፍሬዶ ካምፓኔላ ጋራ ተጣላ። ሠዓሊው ሥራውን ትቶ ሲወጣ መምህራንና ተማሪዎች ተከተሉት። ከዚያም የአሜሪካ መንግሥት ዕውቅናውን ስለ ነሣ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ።

ይህ ጠብ የሁለት ሰዎች ቍጣ ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባውም። ባለቤቱ ቤቱንና ገንዘቡን ይዞ ነበር፤ ዕውቀቱና የተማሪዎቹ ልብ ግን በመምህሩ ዘንድ ነበረ። አንዱ ያለ ሌላው ሊቆም እንዳልቻለ ፍጻሜው አስረዳ። ባለቤቱ ግድግዳው ቀርቶለት ተማሪ አጣ፤ ሠዓሊው ተማሪዎቹ ተከትለውት ግድግዳውን አጣ።

ሆኖም ትምህርቱ አልጠፋም። ሲኬይሮስ በዚያ አዳራሽ የተማረውንና ያስተማረውን በ1951 ዓ.ም. ስለ ግድግዳ ሥዕል አሠራር ባሳተመው መጽሐፍ ገለጸው። ኮሲዮ ዴል ፖማርም ከቀድሞው የጓናኋቶ ገዢ ከኤንሪኬ ፈርናንዴስ ማርቲኔስ ጋራ ሆኖ ቀድሞ የዴ ላ ካናል ቤተ ሰብ በነበረው ሰፊ ቤት የአዬንዴን ተቋም መሠረተ፤ ዲኪንሰንም በዚያ ሠራ። አሮጌው ገዳም ደግሞ በ1962 ዓ.ም. በብሔራዊው የሥነ ጥበብ ተቋም ሥር የባህል ማዕከል ሆነ።

በ2008 ዓ.ም. ከተማዪቱ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ስትገባ የተመሰከረላት ለጥንታዊ ሕንፃዎቿ ነበር። በመመገቢያው አዳራሽ ያለው ሥዕል ግን እስካሁን አልተፈጸመም። መስመሮቹና የቀለም ገጾቹ የአዬንዴን ታሪክ እስከ መጨረሻው አይተርኩም፤ ጥንታዊ ቤትን ለአዲስ ትምህርት ማዋል በፈቃድና በገንዘብ ብቻ እንደማይጸና ግን ይመሰክራሉ።