ዴይሊ ዲል፦ የዕለት ቅናሽ ውል

በበይነ መረብ ገበያ «ዴይሊ ዲል» የሚባለው ለአንድ ወይም ለጥቂት ቀናት ብቻ ለሽያጭ የሚቀርብ የቅናሽ ኩፖን ነው። ገዢው ገንዘቡን አስቀድሞ ይከፍላል፤ ኩፖኑን ይዞ ምግብ ቤቱ ወይም ፀጉር ቤቱ የሚሄደው ግን በኋላ፣ ሲመቸው ነው። በአማርኛ «የዕለት ቅናሽ ውል» ብንለው ይስማማዋል። «ቅናሽ» ብቻውን አይበቃም። አንድ ባለሱቅ ለበዓል ዋጋ ቢቀንስ፣ አላዋጣኝም ባለ ጊዜ ነገውኑ ሊያቆመው ይችላል። እዚህ ግን በመካከል ኩፖኑን የሚሸጥ ድርጅት አለ፤ ኩፖኑ አንዴ ከተሸጠ ደግሞ ነጋዴው እያንዳንዱን ገዢ በገባው ቃል መሠረት ማስተናገድ ግዴታው ነው።

ይህን ንግድ ዓለም ያወቀው በግሩፖን ነው። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2008 ቺካጎ ላይ ሥራ ሲጀምር የመጀመሪያ ሽያጩ እዚያው ሕንፃ ውስጥ በነበረ ባር ሁለት ፒዛ በአንድ ዋጋ የሚያስገኝ ኩፖን ነበር። ሁለት ዓመት ሳይሞላ እጅግ ገነነ፤ በ2010 መጨረሻ ጉግል ወደ 6 ቢሊዮን በሚጠጋ ዶላር ሊገዛው ቢጠይቅ እንኳ እምቢ አለ። በኅዳር 2011 አክሲዮኑን በ20 ዶላር ለሕዝብ ሸጠ። በየካቲት 2013 ግን መሥራቹ አንድሩ ሜሰን ከሥራ አስኪያጅነቱ ተሰናበተ። ተፎካካሪው ሊቪንግሶሻልም በ2016 በግሩፖን ተጠቀለለ።

የድርጅቶቹ መውጣትና መውረድ ለባለሀብቶቻቸው ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ትንሹ ነጋዴ ነው። ሊቪንግሶሻል የተቋቋመው የእኛ ሰዎች ምግብ ቤቶች በብዛት በሚገኙባት በዋሽንግተን ስለሆነ፣ ሂሳቡን በእንጀራ እንየው። ለሁለት ሰው የሚሆን በያይነቱ 40 ዶላር ነው እንበል። ኩፖኑ በ20 ዶላር ይሸጣል። ከዚያ ላይ ኩፖን ሻጩ ድርጅት ግማሹን ይወስዳል፤ በዚህ ንግድ የተለመደው ድርሻ ወደዚያ የሚጠጋ ነበር። ለባለ ምግብ ቤቱ 10 ዶላር ይቀርለታል። ጤፉ፣ ዘይቱ፣ ሽሮውና አትክልቱ 13 ዶላር ካስወጣው፣ ደመወዝና የቤት ኪራይ ሳይታሰብ በየማዕዱ 3 ዶላር ከኪሱ ይጨምራል። የሚደርሰውም ገንዘብ ወዲያው አይገባለትም፤ ግሩፖን በሰሜን አሜሪካ ነጋዴዎቹን ይከፍል የነበረው በ60 ቀን ውስጥ ከፋፍሎ ነበር።

አሁን 500 ኩፖን ተሸጠ እንበል። ከገዢዎቹ 400ው አዲስ እንግዶች፣ 100ው ግን ኩፖን ባይኖርም ይመጡ የነበሩ ቋሚ ደንበኞች ናቸው። በአዲሶቹ የሚደርሰው ጉድለት 1,200 ዶላር ነው። የቋሚዎቹ ጉዳት የከፋ ነው፤ ሙሉ ዋጋ ቢከፍሉ ኖሮ በየማዕዱ 27 ዶላር ይተርፍ ነበር፣ አሁን 3 ዶላር ይጎድላል። ልዩነቱ 30 ዶላር ስለሆነ በ100 ሰው 3,000 ዶላር ይሆናል። ባጠቃላይ 4,200 ዶላር ማለት ነው። ከአዲሶቹ 100 ያህሉ በሌላ ቀን በሙሉ ዋጋ ቢመለሱ 2,700 ዶላር ያስገኛሉ፤ ጉድለቱ አይሞላም። እነዚሁ ሰዎች ለሁለተኛ ጊዜ ሲመለሱ ግን 5,400 ይደርሳል፣ ሂሳቡም ወደ ትርፍ ይዞራል። ስለዚህ ነጋዴውን የሚያከስረው ወይም የሚያተርፈው እንግዳው ተመልሶ መምጣት አለመምጣቱ ነው፤ ይህን ደግሞ የትኛውም ውል አይጽፍለትም።

የአዲሶቹንና የተመላሾቹን እንግዶች መጠን ከራሴ አላመጣሁትም። በሂውስተን የራይስ ዩኒቨርሲቲ መምህር ኡትፓል ዶላኪያ በ2011 በ23 የአሜሪካ ከተሞች 324 ድርጅቶችን አጥንተው ነበር። 55.5 በመቶዎቹ አተረፍን ብለዋል፣ 26.6 በመቶዎቹ ከስረዋል፣ የቀሩት አልከሰሩም አላተረፉም። ከኩፖን ገዢዎቹ 80 በመቶ ያህሉ አዲስ ደንበኞች ነበሩ፤ በሙሉ ዋጋ ተመልሰው የገዙት ግን 20 በመቶ አልሞሉም። ተመራማሪው ከዚያ ቀደም ብለው በ2010 ባደረጉት ጥናት ደግሞ የውበት ሳሎኖች በደንብ ሲቀናቸው ምግብ ቤቶች ወደኋላ ቀርተዋል። ምክንያቱ አያስቸግርም። ማክሰኞ ከሰዓት ባዶ የሚውል የፀጉር ቤት ወንበር በግማሽ ዋጋ ሰው ቢቀመጥበት የሚያስወጣው ጥቂት ሻምፑ ነው። ምግብ ግን በእያንዳንዱ ሳህን ጥሬ ዕቃ ይበላል።

ገደብ ያልተበጀለት ውል የሚያደርሰውን ጉዳት በ2011 በእንግሊዝ ሬዲንግ የምትገኝ አንዲት ትንሽ ኬክ ቤት አሳይታለች። 26 ፓውንድ የሚሸጡ 12 ኩባያ ኬኮች በ6.50 ፓውንድ ቀረቡ፤ 8,500 ሰው ገዛ። ጥቂት ሠራተኞች ባሉት ቤት 102,000 ኬክ መጋገር ግድ ሆነ። ተጨማሪ ሠራተኞች ተቀጠሩ፣ እያንዳንዱ ሣጥን በኪሳራ ወጣ፣ በመጨረሻም ወደ 12,500 ፓውንድ ጠፋ። ኬኩ መጥፎ ስለነበር አልነበረም፤ ውሉ የኩፖኑ ብዛት እዚህ ላይ ይቁም የሚል ቃል ስላልነበረው ነው።

አስተናጋጆችም መታሰብ አለባቸው። የዶላኪያ የ2010 ጥናት የውሉን ስኬት ከምንም በላይ ከሠራተኞች እርካታ ጋር አያይዞታል። አሜሪካ ውስጥ የአስተናጋጅ ገቢ አብዛኛው ቲፕ ነው፤ ኩፖን የያዘ እንግዳ ደግሞ ብዙ ጊዜ ቲፑን የሚያሰላው በተቀነሰው ሂሳብ ላይ ነው። ቤቱ ሞልቶ፣ ድካሙ እጥፍ ሆኖ፣ ኪሷ የጎደለባት አስተናጋጅ አዲሱን እንግዳ በፈገግታ መቀበል እንዴት ይቻላታል? ያ እንግዳ ካልተመለሰ ደግሞ ከላይ ያየነው ሂሳብ ሁሉ ይፈርሳል።

እንግዲህ የዕለት ቅናሽ ውል ባዶ ወንበርና ትንሽ የጥሬ ዕቃ ወጪ ላለው ነጋዴ ይጠቅማል፤ ትርፉ ቀጭን የሆነውንና ቤቱ ቀድሞውኑ የሚሞላውን ነጋዴ ግን ይጎዳል ብዬ አምናለሁ። ይህ ውል የቀረበላችሁ ባለ ምግብ ቤቶችና ባለሳሎኖች፣ ከመፈረማችሁ በፊት የአንዱን ማዕድ ወይም የአንዱን አገልግሎት ትክክለኛ ወጪ በወረቀት አስሉ። የሚሸጠውን ኩፖን ብዛት፣ የሚሠራባቸውን ቀናትና ገንዘቡ የሚደርሳችሁን ጊዜ ውሉ ላይ አስጽፉ፤ ኩፖን ሻጩ ይህን ለመጻፍ ካልፈቀደ አትፈርሙ።