ጥምር መድኃኒትና ሁለተኛው ዙር፦ ከኤችአይቪ ጋር የተደረበ ካላ አዛር በምዕራብ አርማጭሆ

ትኩሳት ለሳምንታት አልለቅ ሲል፣ ጣፊያ ሲያብጥ፣ ሰውነት ሲከሳና ደም ሲያንስ ሌላ አገር ያለ ሐኪም ቀድሞ የሚጠረጥረው ሊምፎማን ሊሆን ይችላል። በምዕራብ አርማጭሆዋ አብርሃ ጅራ ላይ ግን መጀመሪያ የሚታሰበው ካላ አዛር ነው። የበሽታውን ፓራሳይት የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ መጠለያዋ የዋልካ መሬት ስንጥቅና የግራር ሥር ነው፤ ለሰሊጥና ለማሽላ ሥራ ከደጋ የወረደው ጉልበት ሠራተኛም የሚያድረው እዚያው ሜዳ ላይ ነው።

ኤችአይቪ በደሙ ያለበት ታካሚ ላይ በሽታው እልኸኛ ይሆናል። ፓራሳይቱ ከጣፊያና ከመቅኔ አይጸዳም፤ ጸዳ ሲባልም ያገረሻል። ለሌላው ሕመምተኛ የሚሰጠው የአንቲሞኒ መርፌ ደግሞ እንዲህ ላለው ሰው መርዝነቱ ይበረታል።

ለዚህ ነው እ.ኤ.አ. በ2014 እና በ2015 በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልና ድንበር የለሽ ሐኪሞች ይሠሩበት በነበረው የአብድራፊ ሕክምና ማዕከል 58 ታካሚዎች የተሳተፉበት ሙከራ የተካሄደው። 19ኙ በደም ሥር የሚሰጠውን አምቢዞም የተባለ መድኃኒት ብቻ ወሰዱ፤ መጠኑ በአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት በድምሩ 40 ሚሊ ግራም ነበር። 39ኙ አምቢዞሙ ወደ 30 ዝቅ ብሎላቸው፣ በቀን 100 ሚሊ ግራም ሚልቴፎሲን ለ28 ቀናት ዋጡ። ሚልቴፎሲን ቀድሞ ለካንሰር ታስቦ የተሠራ መድኃኒት ነው።

በ29ኛው ቀን ከፓራሳይት የነጹት በጥምሩ 67 ከመቶ፣ በነጠላው 50 ከመቶ ነበሩ። ሕመሙ ቀሎላቸው ፓራሳይቱ ግን ላልጠፋላቸው ያው ሕክምና አንድ ዙር ተጨመረ። በ58ኛው ቀን የጥምሩ ውጤት 88 ከመቶ ደረሰ፤ የነጠላው 55 ላይ ቀረ። የታካሚዎቹ ቁጥር ትንሽ ነው፤ ንድፉም ሁለቱን ቡድኖች በቀጥታ ለማወዳደር የታቀደ አልነበረም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ይህንኑ ጥምር ሕክምና ለምሥራቅ አፍሪካ መክሯል።

በእኔ እይታ የሙከራው ትልቁ ትምህርት ያለው ከ67 ወደ 88 በተደረገው እርምጃ ላይ ነው። ያ እርምጃ የመጣው መድኃኒቱን በማጣመር ብቻ አይደለም፤ በ29ኛው ቀን ታካሚው እንደገና ስለተመረመረ ጭምር ነው። ምርመራው ከጣፊያ ወይም ከመቅኔ በመርፌ ናሙና መውሰድን ይጠይቃል፤ ጣፊያ ከተወጋ ደም ሊፈስ ስለሚችል የሠለጠነ እጅ ያስፈልጋል። አምቢዞምም ከ25 ዲግሪ በታች መቀመጥ አለበት፤ የቆላው ሙቀት ደግሞ 40ን ያልፋል። ታካሚውስ? ለአንድ ወቅት ሥራ የመጣ ሰው ሁለት ወር ሙሉ አልጋ ላይ ሲቆይ የሚያጣው የዓመቱን ገቢ ነው። መድኃኒቱ ደርሶት ናሙና የሚወስድ ባለሙያ የሌለው ጤና ጣቢያ፣ ማን ወደ ቤቱ እንደሚሄድ፣ ማን ሁለተኛውን ዙር እንደሚጀምር ሊለይ አይችልም።