ለልጅቷስ ምን ቀረላት?

ሰንጋ ተራ ስሙን ያገኘው ከከብት ነው። ሰንጋ ይሸጥበት የነበረው ሰፈር ዛሬ ፎቅ በፎቅ ሆኗል፤ የ40/60 ቤቶቹ፣ የባንኮቹ ዋና መሥሪያ ቤቶች፣ ከሁሉም በላይ በ2014 ዓ.ም. የተመረቀው የንግድ ባንክ ሕንፃ አንገት ቀና አድርገው የሚያዩዋቸው ናቸው። ከነዚህ ሕንፃዎች ግርጌ ግን በዕድሜ የሚበልጣቸው አንድ ቤት አለ፤ ብሔራዊ ቴአትር። ጣሊያን ሲኒማ ማርኮኒ ሊለው ጀምሮት ሳይጨርሰው ሄደ። ንጉሠ ነገሥቱ ለዘውዳቸው 25ኛ ዓመት በዓል አስጨርሰውት በ1948 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተብሎ ተከፈተ። ለፊልም የታሰበው ቤት በዚህ ሁኔታ የቴአትር ቤት ሆነ። የኢትዮጵያ ሴት ልጅ ተዋናይ ለመሆን የተጓዘችውን መንገድ ለመቁጠር ከዚህ ቤት ደጃፍ የተሻለ መነሻ አላገኘሁም።

መንገዱ አጭር አልነበረም። ቀደም ባለው ጊዜ በመድረክ ላይ ሚስት፣ እናት፣ ሙሽራ ሆነው የሚታዩት ወንዶች ነበሩ። ቀሚስ ለብሰው፣ ሻሽ አስረው፣ ድምፃቸውን አቅጥነው። ሴት ጠፍታ አይደለም። መድረክ ላይ የወጣች ሴት ስሟ ከአዝማሪ ተራ ስለሚገባ፣ አዝማሪ ደግሞ በሠርግ የሚፈለግ፣ በማግሥቱ የሚናቅ ሰው ስለነበረ ነው። የትኛው አባት ነው ልጁን ለዚህ የሚሰጥ?

ይህን አጥር በ1940ዎቹ ከጣሱት የመጀመሪያዎቹ ሴት ተዋናዮች አንዷ አስናቀች ወርቁ ናት። በኋላ ከሰንጋ ተራ ግርጌ ባለው በዚሁ ቴአትር ቤት ሠርታለች፤ በክራሯ ደግሞ በሀገርም በውጭም ታውቃለች። በመስከረም 2004 ዓ.ም. ስታርፍ ሁላችንም «አንጋፋዋ» አልናት። አንጋፋ ለመባል ግን ስንት የስድብ ዓመት እንዳሳለፈች የሚያውቅ ያውቃል። ልብ በሉ፤ ያን ጊዜ ጥያቄው «ሴት ትተውን ወይ?» የሚል ነበር። ሕፃን ልጅ የመተወኗ ነገር ማንም ራስ ውስጥ አልነበረም።

ግማሽ ምዕተ ዓመት አለፈና ጥያቄው ራሱ ተለወጠ። በጥር 2006 ዓ.ም. «ድፍረት» የተባለው የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ፊልም አሜሪካ ውስጥ በሰንዳንስ የፊልም ፌስቲቫል ቀርቦ የተመልካቾችን ሽልማት ወሰደ። ያው ሰሞን በበርሊንም የተመልካች ሽልማት አገኘ። ፊልሙን ከሜሮን ጌትነት ጋር የተሸከመችው ትዕግሥትን የሚጠይቅ ሚና የተሰጣት ታዳጊዋ ትዝታ ሐገሬ ናት። ሚናዋ ሂሩት የምትባል የ14 ዓመት የገጠር ተማሪ ነው፤ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ትጠለፋለች፣ ትደፈራለች፣ ጠላፊዋን ገድላ ለፍርድ ትቀርባለች። ታሪኩ በ1990ዎቹ መባቻ አካባቢ በአርሲ በእውነት ከደረሰና የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጥብቅና ከቆመበት ጉዳይ የተወሰደ ነው። የፊልሙ ስምም ሁለት ፍቺ አለው፤ ጀግንነትም፣ መደፈርም። አንድ ታዳጊ ሁለቱንም በፊቷ ላይ እንድታሳይ ተጠየቀች፤ አሳየችም።

በነሐሴ 2006 ዓ.ም. መጨረሻ ፊልሙ በአዲስ አበባ ሊመረቅ ተመልካች ከተሰበሰበ በኋላ በፍርድ ቤት እግድ ቆመ። የእውነተኛው ታሪክ ባለቤት «ሕይወቴ ያለ ፈቃዴ ተወሰደ» በሚል አቤት ብላ ነበር። በኋላ እግዱ ተነስቶ ፊልሙ ታየ። ለኔ ከዚያ ክርክር የቀረው ትልቅ ቁም ነገር ይህ ነው፦ የልጅነት ታሪክ ባለቤት አለው። ታዲያ የታሪክ ባለቤት ካለ፣ የልጅነት ሥራስ ባለቤት የለውም ወይ?

ይህን ጥያቄ ሌሎች በውድ ዋጋ ተምረውታል። ጃኪ ኩጋን በ1921 እ.ኤ.አ. ከቻርሊ ቻፕሊን ጋር ሲሠራ ትንሽ ልጅ ነበር። አድጎ ገንዘቤስ ሲል እናቱና እንጀራ አባቱ ጨርሰውት አገኘው። በ1938 እ.ኤ.አ. ከሰሳቸው፤ በእጁ የገባው ከሚሊዮኖቹ ፍርፋሪው ነው። የካሊፎርኒያ ግዛት በማግሥቱ ዓመት ከልጅ ተዋናይ ገቢ ከፊሉ እንዲቀመጥለት የሚያደርግ ሕግ አወጣ። ያም ሆኖ ሕጉ ሸርሊ ቴምፕልን አላዳናትም። በ3 ዓመቷ ጀምራ በ1930ዎቹ የአሜሪካን ሲኒማ ቤቶች የሞላችው ያቺ ልጅ፣ አድጋ ስትቆጥር ከ3 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከሚሆነው ገቢዋ የቀረላት 44 ሺህ ገደማ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ፊልሞቿ ጊዜ ያስቸገረ ሕፃን በረዶ ባለበት ጨለማ ሳጥን ውስጥ ይቀመጥ እንደነበረም ራሷ ጽፋዋለች። በ22 ዓመቷ ፊልም ተወች። በኋላ በጋናና በቼኮዝሎቫኪያ የሀገሯ አምባሳደር ሆነች፤ ደግነቱ ሌላ ሕይወት ነበራት። ሌላ ሕይወት የሌላትስ?

ወደ ቤታችን እንመለስ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ መቅጠርን ይከለክላል። ከ15 እስከ 18 ያለውን ወጣት በቀን ከ7 ሰዓት በላይና ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራትም አይፈቅድም። መልካም ሕግ ነው። ነገር ግን ፊልም ያለ ልጅ አይሠራም። የ8 ዓመት ልጅ ሚና በ8 ዓመት ልጅ እንጂ በሌላ አይሞላም፤ የምሽት ትዕይንትም በምሽት ይቀረጻል። ስለዚህ ልጅቷ «ተቀጣሪ» መባሏ ይቀርና «የእገሌ ልጅ ናት፣ ትንሽ ትርዳን» ይባላል። ዕርዳታ ደግሞ ውል የለውም፤ ሰዓት የለውም፤ ደሞዝም እንደ ሰጪው ደግነት ነው። ሕግ አጥብቆ የከለከለው ነገር በጓሮ በር ሲገባ ጠባቂ አይኖረውም።

መድኃኒቱ ከባድ አይመስለኝም። በሞግዚቷ ፊርማ የጸና ውል፣ የትምህርት ቀን የማይነካ የቀረጻ ሰሌዳ፣ በአስጨናቂ ትዕይንት ጊዜ አጠገቧ የሚቆም ሰው፣ በስሟ የተከፈተና 18 ዓመት እስኪሞላት የማይነካ የባንክ ደብተር። ለደብተሩ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ከቴአትር ቤቱ ወጥቶ መንገድ መሻገር ይበቃል።

አያቶቻችን መድረክ ላይ የወጣችን ሴት ሰደቡ። እኛ ደግሞ ሕፃኗን አጨበጨብንላት። ከስድብ ወደ ጭብጨባ መምጣታችን ትንሽ ነገር አይደለም፤ አስናቀችን የመሰሉ ሴቶች በሕይወታቸው የከፈሉበት ነው። ነገር ግን ተሳዳቢውም አጨብጫቢውም ከአዳራሹ ወጥቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ልጅቷ ነገ ጠዋት ትምህርት ቤት ትገባ እንደሆነና የሠራችበት በማን እጅ እንዳለ ጠይቆ የሚሄድ ተመልካች ገና አላፈራንም።