ቁጥርና ስም፦ ከቦሌ የተነሣ አንድ በረራና የፕሮግራም አጻጻፍ

የካቲት 10 ቀን 2006 ዓ.ም. ከእኩለ ሌሊት በኋላ፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ ቁጥር 702 የሆነው ቦይንግ 767 አውሮፕላን 202 ሰዎችን ይዞ ከቦሌ ወደ ሮም ተነሣ። ዋናው አብራሪ ከክፍሉ ሲወጣ ረዳቱ በሩን ቆለፈበት፤ አውሮፕላኑም በሱዳን ሰማይ ላይ ሳለ 7500 የሚል ቁጥር ማስተላለፍ ጀመረ። የዚህ ቁጥር ትርጉም በየትኛውም አገር ራዳር ፊት ለተቀመጠ ተቆጣጣሪ አንድ ነው፤ ይኸውም አውሮፕላኑ ተጠልፏል ማለት ነው። አውሮፕላኑ በኢጣሊያና በፈረንሳይ ተዋጊ አውሮፕላኖች ታጅቦ ማለዳ ጄኔቭ አረፈ፤ ሰዎቹም ሁሉ በደኅና ወረዱ።

ይህን ምልክት የሚልከው ትራንስፖንደር፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዳጅን ከጠላት ለመለየት ከተሠራው መሣሪያ የተወለደ ነው። መለያ ቁጥሩ አራት አኃዞች ሲኖሩት፣ እያንዳንዱ አኃዝ ከ0 እስከ 7 ብቻ ነው፤ በጠቅላላው 4096 ቁጥሮች ይገኛሉ። ከእነዚህም 7500 ለጠለፋ፣ 7600 ለሬዲዮ ብልሽት፣ 7700 ለአስቸኳይ አደጋ በዓለም አቀፍ ስምምነት ተለይተዋል።

ችግሩ የሚጀምረው ቁጥሩ ኮምፒዩተር ውስጥ ሲገባ ነው። አራቱ አኃዞች በ12 ቢት ስለሚጻፉ፣ 7500 በተለመደው የአሥር መሠረት አቆጣጠር 3904 ይሆናል። የራዳር መቀበያን የሚያነብ ድራይቨር የጻፈ ባለሙያ 3904ን ያለ ስም ቢተወው፣ ከዓመታት በኋላ ፕሮግራሙን ለማጽዳት የሚመጣ ባልደረባው ምንነቱን ሊያውቅ አይችልም። ስሕተት መስሎት በ7500 ቢተካው ፕሮግራሙ ያለ ተቃውሞ ይሠራል፤ ነገር ግን 12 ቢት ከ4095 በላይ ስለማይዝ ንጽጽሩ ከቶ አይገጥምም፤ የጠለፋው ማስጠንቀቂያም አይደወልም። እ.ኤ.አ. በ1972 ገደማ ዴኒስ ሪቺ ባዘጋጀው በሲ ቋንቋ፣ 07500ን ከ7500 የሚለየው ከፊት ያለው አንድ ዜሮ ብቻ ነው።

ስለሆነም ድራይቨር የሚያጸዳ መሐንዲስ ለእያንዳንዱ የሁኔታ ቁጥር ትርጉሙን የሚገልጽ ቋሚ ስም በአንድ ቦታ ሊሰጠው፣ ቁጥሩ በየትኛው መሠረት እንደተጻፈና ከየትኛው ሰነድ እንደተገኘ አጠገቡ ሊያሰፍር፣ ዋጋውንም ከመለወጡ በፊት በመሣሪያው ላይ ሊፈትሽ ይገባል። በ2006 ዓ.ም. በዚያች ሌሊት ቁጥሩ የተነበበው፣ ስሙ አስቀድሞ ተስማምቶ ስለተሰጠው ነበር።