ከእርምጃ የሚቀዳ ኤሌክትሪክ

የጋዝ ምድጃ መለኮሻ ሲጫኑት ጠቅ ይልና ብልጭታ ይረጫል። ባትሪ የለውም። በውስጡ ያለች ትንሽ መዶሻ አንዲት ደቃቅ ሴራሚክ ስትመታ በሺዎች የሚቆጠር ቮልት ይፈጠራል።

የነገሩ መነሻ ፓሪስ ናት። እ.ኤ.አ. በ1880 የ24 ዓመቱ ዣክ ኩሪና የ20 ዓመቱ ታናሽ ወንድሙ ፒየር ኳርትዝን፣ ቱርማሊንን፣ የአገዳ ስኳርን ሳይቀር ሲጫኑ ክሪስታሎቹ ኤሌክትሪክ እንደሚያወጡ አሳዩ። በዚሁ መርህ የሠሩት መለኪያ በኋላ ማሪ ኩሪ የዩራኒየምን ጨረር የለካችበት ሆነ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ደግሞ ፖል ላንዥቫን በብረት ሳህኖች መካከል ባስገባው ኳርትዝ ሰርጓጅ መርከብ አሰሰበት።

ጥሩ ክሪስታል ግን ውድ ነው፤ እንደልብም አይቀረጽም። ሴራሚክ ዱቄቱ ተጨምቆ እቶን ውስጥ ስለሚጋገር የፈለጉትን ቅርጽ ይይዛል። ችግሩ፣ በውስጡ ያሉት እልፍ ጥቃቅን ክሪስታሎች በየአቅጣጫው የዞሩ በመሆናቸው አንዱ የሚያወጣውን ኤሌክትሪክ ሌላው ያጠፋዋል።

መፍትሔው የመጣው በ1940ዎቹ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዓመታት አሜሪካ፣ ሶቪየት ኅብረትና ጃፓን ሳይነጋገሩ ባሪየም ታይታኔት የተባለውን ሴራሚክ አገኙ። አሜሪካዊው አር. ቢ. ግሬይ ይህን ሴራሚክ ለብርቱ የኤሌክትሪክ መስክ አጋለጠው፤ የተዘበራረቁት የክሪስታሎቹ የኤሌክትሪክ ዋልታዎች ወደ አንድ አቅጣጫ ዞሩ፣ መስኩ ሲነሣም እንደዞሩ ቀሩ። ይህ ጠባይ ያለው ቁስ ፌሮኤሌክትሪክ ይባላል። የኩሪዎች ስም በየመማሪያ መጽሐፉ ሲነሣ የግሬይ እምብዛም አይሰማም፤ ያሳዝናል፣ መለኮሻውንም ሆነ ብዙውን ሶናር (ባሕር ውስጥ በድምፅ የሚያስስ መሣሪያ) በርካሽ ለመሥራት መንገድ የከፈተው እርሱ ነውና።

ባሪየም ታይታኔት 120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ጠባዩን ያጣል። በ1954 በርናርድ ጃፊና ባልደረቦቹ እርሳስ፣ ዚርኮኒየምና ታይታኒየም ካለበት ውህድ ይበልጥ ብርቱ ሴራሚክ አወጡ። አሕጽሮተ ስሙ ፒ.ዜድ.ቲ. ነው።

በ1998 የኤም.አይ.ቲ. ተመራማሪዎች ፒ.ዜድ.ቲ.ን ከጫማ ተረከዝ ሥር አኖሩት። የተገኘው ኃይል በአማካይ 2 ሚሊዋት ገደማ ነበር፤ ስልክ ቻርጅ ለማድረግ ከሺህ እጥፍ በላይ ያስፈልጋል። ሴራሚኩ ግትር ነው፤ ቮልቱ ከፍ ቢልም ሲረገጥ የሚታጠፈው በጥቂቱ ስለሆነ ከእግር የሚወስደው ጉልበት ትንሽ ነው። ሴራሚኩ ከእግረኛ መንገድ ሥር ተቀብሮ ወለሉ በጣም እንዲሰምጥ ቢደረግ ደግሞ ዋጋውን የሚከፍለው የተራማጁ ጡንቻ ነው። የእግረኛ መንገድ ከተማን ያበራል የሚለው ተስፋ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው።

የኤም.አይ.ቲ. ጫማ ግን ያቺን ጥቂት ኃይል እያጠራቀመ፣ በየጥቂት እርምጃው መለያ ቁጥሩን ያለ ባትሪ በሬዲዮ ያሰራጭ ነበር።